የኮሮና ገንዘብ ለገበሬ፦ እኛ ካውንቲ ውስጥ ማን አገኘ፣ ማን ቀረ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ኖብልስ ካውንቲ፣ ወርዚንግተን ከተማ ነው። አካባቢውን ለማታውቁት፦ መንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፣ ከዚያ የአሳማ ቤት፣ ከዚያ እንደገና በቆሎ። ሐበሻው እዚህ የመጣው ባብዛኛው ለሥጋ ፋብሪካ ሥራ ነው። እኔ ከከተማ ወጣ ብሎ 2 ኤከር (አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት) ተከራይቼ ጎመን፣ ቃሪያና ድንች አመርታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ አወጣለሁ፣ የቀረውን ለሐበሻ ሱቆች አስረክባለሁ።

ሰሞኑን መሬቱን ካከራየኝ ገበሬ ጋር ቆመን ስናወራ የኮሮና ጊዜ ተነሳ። መንግሥት ለገበሬ ሲከፍል እሱ ሦስት ጊዜ እንደደረሰው ነገረኝ። እኔ ያኔም ይኸንኑ ጎመን ነበር የምተክለው። አንድ ሳንቲም አላየሁም። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የሰማሁትም ገና አሁን ነው። ቤት ገብቼ ሳነብ አመሸሁ።

ያገኘሁት ይሄ ነው (ወሮቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሚያዝያ 2020 ላይ 19 ቢሊዮን ዶላር አወጀ። 16ቱ ቢሊዮን በቀጥታ ለገበሬ የሚከፈል፣ 3ቱ ደግሞ ምግብ ተገዝቶ ለችግረኛ የሚታደልበት ነበር። ፕሮግራሙን በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሲፋፕ ይሉታል። ምዝገባው ግንቦት መጨረሻ ላይ ተጀመረ። መስከረም ላይ እስከ 14 ቢሊዮን የሚደርስ ሁለተኛ ዙር መጣ። መጋቢት 2021 ላይ ደግሞ እንደ በቆሎና አኩሪ አተር ላሉት ሰብሎች በኤከር 20 ዶላር ተጨመረ። 1,000 ኤከር ያለው ሰው በዚያ ጭማሪ ብቻ 20,000 ዶላር አገኘ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዙር ጣሪያ ለአንድ ሰው 250,000 ዶላር ነበር።

እኔ እንደሚመስለኝ ገንዘቡ የተሠራው ለትልልቆቹ ነው፤ እኛን ሆን ብለው ነው የዘለሉን። ከተሳሳትኩ አርሙኝ። የምታውቁ ንገሩኝ።

ይህን ከጻፍኩ ወዲህ 24 ምላሽ መጥቷል። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌለው በተራ ቁጥር፣ በራሴ አነጋገር አሳጥሬዋለሁ። አንዳንዱ ላይ የኔንም አስተያየት ጨምሬያለሁ።

1ኛ። ከሲዩ ፎልስ የጻፈ ወንድም ነው፤ ከኛ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። በጣም በትሕትና ነው የጀመረው። በገበሬው ከመፍረዴ በፊት ያንን ጸደይ እንዳስታውስ ጠየቀኝ። የሲዩ ፎልሱ የሥጋ ፋብሪካ ስሚዝፊልድ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ተዘጋ። እዚህ ወርዚንግተን ያለው የሥጋ ፋብሪካ ጄቢኤስ ደግሞ ሚያዝያ 20። የኛው ብቻ በቀን 20,000 አሳማ ያርድ ነበር። አሳማ ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ከትተህ የምታቆየው ነገር አይደለም። በየቀኑ ይበላል፣ በየቀኑ ይወፍራል፣ ከኋላው የሚተኩት ግልገሎች ቀናቸው ደርሶ ቤቱ እንዲለቀቅላቸው ይጠብቃሉ። ገዢ ጠፋ፣ ዋጋው ወደቀ። ክፍያው የመጣው ከዚህ የተነሳ ነው አለ። እውነቱን ነው፤ ይህን መነሻው ላይ መጻፍ ነበረብኝ።

2ኛ። አንድ መስመር ብቻ። ሀብታም ለሀብታም ሰጠ፣ በቃ፣ ሌላ ምን ትጠብቂያለሽ የሚል ነው።

3ኛ። እኚህ ዕድሜያቸው የገፋ አባት ናቸው፤ አነጋገራቸውም የመምህር ነው። ስሜቱን ትተን ስሌቱን እንድናይ መከሩን። በመጀመሪያው ዙር ጥር አጋማሽና ሚያዝያ አጋማሽ መካከል ለተሸጠ ከ120 ፓውንድ በታች የሆነ አሳማ በራስ (በአንድ አሳማ) 28 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 18 ዶላር ተከፈለ። ከዚያ በኋላ ሳይሸጥ በእጅ ላለው በራስ 17 ዶላር። በሁለተኛው ዙር በራስ 23 ዶላር። እርሳቸው እንደሚሉት ስሌቱ ውስጥ የገበሬው ስም፣ ቀለምም ሆነ ቋንቋ የለም። በቁጥር የሚከፈል ነገር ብዙ ላለው ብዙ ይሰጣል። ጥፋት አለ ከተባለ ጥፋቱ እዚያ ነው፤ ሆን ብለው ዘለሉን የሚለውን ግን ማስረጃ ሳይዙ መናገር ተገቢ አይደለም ብለው ገሠጹኝ። ተግሣጹን ተቀብያለሁ።

4ኛ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በዚያ ወቅት አሳማ ይጭን ነበር። ወደ መታረጃ ሳይሆን ወደ መጣያ የጫነበትን ቀን ጻፈልን። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ፋብሪካው በከፊል የተከፈተው ለምግብ የማይሆኑትን አሳማዎች ለመግደል ነበር። በኖብልስ ካውንቲ ሬሳው ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር ተደባልቆ ኮምፖስት የሚሆንበት ቦታ ተዘጋጅቶ ነበር። እሱ አሳማ የማይበላ ሰው ነው። ግን ያን ያህል ምግብ ሲቀበር፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሰው ለነጻ ምግብ በመኪና ተሰልፎ ሲያይ መኪናውን ዳር አቁሞ እንዳለቀሰ ጽፏል። ይህን ሳነብ ለጥቂት ጊዜ ስልኬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እኔም ያንን ሰልፍ አይቼዋለሁ።

5ኛ። እዚህ ላይ ነገሩ ጠለቅ አለ። አንዲት እህት በመንገድ ዳር የምናያቸው ረጃጅም የአሳማ ቤቶች ባለቤቶች ብዙዎቹ የአሳማው ባለቤት እንዳልሆኑ ጻፈች። ቤቱ የገበሬው ነው፣ ዕዳውም የገበሬው ነው፣ አሳማው ግን የኩባንያ ነው። ገበሬው የሚከፈለው ለማሳደጊያው ነው። ሲፋፕ ደግሞ የሚከፍለው የዋጋ ኪሳራ ለደረሰበት ለአሳማው ባለቤት ነበር። ስለዚህ ቤቱ ባዶ የቀረበት ገበሬ በ2020 ከዚህ ገንዘብ አልደረሰውም። ታኅሣሥ 2020 ላይ ኮንግረስ ባወጣው ሕግ ነው እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር ለኮንትራት አሳዳጊዎች የተፈቀደው። ከጠፋባቸው ገቢ እስከ 80 በመቶ የሚደርስ ነው፤ ያውም ማመልከቻው የተዘጋው ጥቅምት 2021 ነው። ከዓመት ተኩል በኋላ ማለት ነው።

6ኛና 7ኛ። 6ኛው ኮንትራት አሳዳጊ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀ። 7ኛው እንደ ርቢ ከብት አስበው አለው። ከብቱ የሰው፣ ሣሩና ድካሙ ያንተ። እኔ ርቢ ሲባል ግልገሉን እንኳ እንካፈላለን ብዬ ጻፍኩለት፤ እሱም እዚህ ግልገል የለም፣ ቁርጥ ክፍያ ነው አለኝ። የተገደሉባቸው አሳማዎች ጉዳይም እዚሁ ተነሳ። ለነሱ ሐምሌ 2021 ላይ ሌላ ፕሮግራም ወጥቶ የአሳማውን ዋጋ 80 በመቶ ከፍሏል።

8ኛ። ይኼኛው ምላሽ አሳመመኝ፤ አሳመመኝ ያልኩት እውነት ስለሆነ ነው። በሌላ ክፍለ ግዛት ግማሽ ኤከር ላይ አትክልት የምታመርት ሐበሻ ናት። ማንም አልዘለለሽም አለችኝ። በሁለተኛው ዙር አትክልት የሚታሰበው በሽያጭ ነበር። የ2019 ሽያጭሽ ከ50,000 ዶላር በታች ከሆነ 10.6 በመቶው ይከፈልሽ ነበር። 8,000 ዶላር ከሸጥሽ 848 ዶላር። አዲስ ጀማሪ ደግሞ በ2020 ሽያጩ ይታሰብለት ነበር። እሷ አመልክታ አግኝታለች። ሳትጠይቂ ተከለከልኩ ማለት ልክ አይደለም፣ ሌላውንም ተስፋ ታስቆርጪያለሽ አለችኝ። ቃሏ ኮምጠጥ ያለ ነበር። ግን ደብተሬን አውጥቼ የ2019 ሽያጬን ደመርኩ። 7,300 ዶላር ገደማ ነው። በሷ ስሌት 770 ዶላር አካባቢ ይደርሰኝ ነበር። ለዘርና ለማዳበሪያ ለአንድ ዓመት ይበቃኛል። ስለዚህ ሆን ብለው ዘለሉን ያልኩትን አንስቻለሁ።

9ኛ። ለ8ኛዋ የተሰጠ መልስ ነው፤ እዚህ ቁጣው ጀመረ። ከየት ሰምታ ታመልክት ሲል ጠየቃት። የግብርና ሚኒስቴሩ የካውንቲ ቢሮዎች ያኔ ለባለጉዳይ ዝግ ነበሩ፣ ሁሉ ነገር በስልክና በኢሜይል ነበር። ደብዳቤ የሚደርሰው ቀድሞ መዝገብ ላይ ስሙ ላለ ሰው ነው። ስሙ መዝገብ ላይ ያለው ደግሞ ከአያቱ ጀምሮ የእርሻ ቁጥር (ለተመዘገበ እርሻ ቢሮው የሚሰጠው መለያ) ያለው ነው። እሱ ራሱ በሌላ ካውንቲ ፍየል ያረባል። አንድ ቢሮ ደውሎ የፍየል የለንም ተብሎ ስልኩ እንደተዘጋበት ጻፈ። በመጀመሪያው ዙር እውነትም ፍየል አልነበረም። በሁለተኛው ግን በሽያጭ ተካቷል። ማንም መልሶ አልደወለለትም። እኔ የሁለቱም ሐሳብ ልክ ነው እላለሁ። በሩ አልተቆለፈም፤ ግን በሩ የት እንደሆነ የሚያውቀው ድሮም ሲገባና ሲወጣ የነበረው ሰው ነው።

10ኛ። ከሁሉም የበለጠ የተንጫጫንበት ነው። የጻፈው ሰው ስለ ገበሬ ማውራቱን እንተው አለ። አሳማውን ስላረደው ሰው ማን ይናገር? የሲዩ ፎልሱ ስሚዝፊልድ 3,700 ያህል ሠራተኛ ነበረው። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ራሱ ባወጣው ቁጥር ቢያንስ 1,294 ሰው በኮሮና ተይዟል፣ 4 ሞተዋል። በኩባንያው ላይ የተጣለው ቅጣት 13,494 ዶላር ነበር። የበሽታ መከላከያ ማዕከሉ ያንን ፋብሪካ ሲያጠና ሠራተኛው በብዛት ከሚናገራቸው 10 ቋንቋዎች መካከል አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ነበሩበት። እኛ ነን ማለት ነው። ለሥጋ ፋብሪካና ለእርሻ ሠራተኛ ግብርና ሚኒስቴር ያዘጋጀው ስንት ነው? በነፍስ ወከፍ 600 ዶላር። የታወጀው በ2021 ሲሆን ገንዘቡ በማኅበራትና በእርዳታ ድርጅቶች በኩል ሲዞር ብዙ ቆየ። ለባለ እርሻው 250,000 ዶላር ጣሪያ፣ ለሠራተኛው 600። ይህን ጽፎ ከዚያ በታች ስለ ገበሬዎች የተናገረውን ስድብ ግን እዚህ አልደግመውም። አላስፈላጊ ነበር፤ አብረውን የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው፣ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

11ኛ። ሚኒሶታ ለብቻዋ ለግንባር ሠራተኞች፣ ማለትም በኮሮና ጊዜ ከቤት ሳይቀሩ ለሠሩት፣ እንደከፈለች አስታወሰን። በ2022 ለያንዳንዱ 487 ዶላር ከ45 ሳንቲም። 500 ሚሊዮን ዶላር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተካፈለው። ብዙ ሐበሻ ማመልከቻው ሳያመልጠው ደርሶታል፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ላይ ስለተነገረ ነው። የገበሬው ግን የትም አልተነገረም። ይህ ምላሽ አጭር ነው፣ ግን ቁም ነገሩ ትልቅ ነው።

12ኛ። የእህል ጎተራ ውስጥ የሚሠራ ወንድም ለገበሬው ተከራከረ። ገንዘቡ እጃቸው ገብቶ አላደረም፣ በቀጥታ ወደ ባንክ ነው የሄደው አለ። የዘር፣ የማዳበሪያ፣ የትራክተር ዕዳ። በ2018ና 2019 ከቻይና ጋር በነበረው የንግድ ጦርነት አኩሪ አተሩ ዋጋ አጥቶ ነበር። ሰው ሲሳደብ የሚያያቸውን መኪናዎች ብቻ ነው የሚያየው፣ ዕዳውን አያይም አለ።

13ኛ። ወዲያው መጣበት። ለንግድ ጦርነቱም እኮ ተከፍሏቸዋል አለው። በመጀመሪያው ዓመት እስከ 12፣ በሁለተኛው እስከ 16 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦላቸዋል። በ2020 ከመንግሥት ለእርሻ በቀጥታ የተከፈለው ሁሉ ሲደመር ከ45 ቢሊዮን ዶላር አልፏል፤ የ2019ኙ እጥፍ ገደማ ነው። በኤከር 20 ዶላር ሲጨመር ደግሞ አንድ ቡሼል (25 ኪሎ ያህል) በቆሎ ከ5 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ዋጋ ሲወድቅ ለኪሳራ፣ ዋጋ ሲወጣ ለምንድነው? 12ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም። እኔም መልስ የለኝም። የመጀመሪያው ክፍያ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይኼኛው ግን አልገባኝም።

14ኛ። ውይይቱ እዚህ ላይ ከመንገዱ ወጣ። አንዱ በሁለተኛው ዙር የሰብል ዝርዝር ውስጥ ጤፍ በስሙ ተጽፎ እንዳገኘ በደስታ ነገረን። በኤከር 15 ዶላር። ገብቼ አየሁት፣ እውነት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሰነድ ላይ ከአጃ ጎን ጤፍ ተቀምጣለች።

ከ15ኛ እስከ 17ኛ። ስለ ጤፍ ብቻ ነው። 15ኛው ሚኒሶታ ይበቅላል ወይ አለ። 16ኛዋ ሞክራ ነፋሱ አጋድሞት ከአረም መለየት እንዳቃታት፣ አይዳሆ ግን በደንብ እንደሚመረት ጻፈች። 17ኛው የእንጀራ ድብልቅ አመጣ። በሌላ ውይይት እንቀጥለው ብዬ አልፌዋለሁ።

18ኛ። የተቆጣ ሰው ነው፤ ቁጣውም ምክንያት አለው። መጋቢት 2021 በወጣው ሕግ ለጥቁር፣ ለላቲኖ፣ ለእስያና ለአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ገበሬዎች የመንግሥት ብድር እስከ 120 በመቶ እንዲከፈልላቸው ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦ ነበር። ነጭ ገበሬዎች ከሰሱ። በሰኔ ዊስኮንሲን ያለ ፍርድ ቤት አገደው። ነሐሴ 2022 ላይ ኮንግረሱ ራሱ ሻረው። 3ኛው ምላሽ ላይ ያሉት አባት ስሌቱ ቀለም የለውም ማለታቸውን ጠቅሶ፣ ቀለም ያለው ነገር ሲመጣ ግን በሦስት ወር ውስጥ ፍርድ ቤት ተገኘለት አላቸው። አነጋገሩ ለሽማግሌ የሚመጥን አልነበረም።

19ኛ። አባታችን ራሳቸው መለሱ። አልተቆጡም። ያ ሕግ ስለ ብድር ነው፣ ሲፋፕ ሌላ ነው፣ ሁለቱን አንቀላቅል አሉ። የተሻረው ሕግ ቦታ ላይ ሁለት ነገር እንደተተካም አስረዱ። 3.1 ቢሊዮን ዶላር ብድር ላስጨነቃቸው ሁሉ፣ 2.2 ቢሊዮን ደግሞ በግብርና ብድር አድልዎ ለደረሰባቸው። ይኼኛው ሐምሌ 2024 ላይ ከ43,000 ለሚበልጡ ሰዎች ተከፍሏል። ያም ሆኖ የልጁን ቁጣ እንደሚረዱት ጻፉ፤ እርሳቸውም በዘመናቸው ብድር ተከልክለው ያውቃሉ።

20ኛ። የ18ኛው ይቅርታ። ሁለት ቃል ነው፣ ግን ደስ አለኝ።

21ኛ። ከወሎ የመጣ ወንድም ነው። እዚህ በራስና በኤከር ሲቆጠር እሱ የሚያስበው በ2020 መኸር አንበጣ ማሽላውን የጨረሰበትን ወንድሙን ነው። ቤተሰቡ ልጆቹን ይዞ፣ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ፣ በጨርቅ እያባረረ ሲከላከል ነበር። ያገኙት ከሴፍቲኔት የሚሰፈር እህልና እሱ የሚልከው ገንዘብ ነው። ማንንም ለመውቀስ አልጻፈም። ከዚህ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልጻፈም።

22ኛ። አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። መሬቱን በጥሬ ገንዘብ ከተከራየሁ የክፍያው ባለመብት አከራዩ ሳይሆን አደጋውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አከራይሽ ያንቺን 2 ኤከር በራሱ ስም አስመዝግቦ እንደሆነ ጠይቂ አለኝ። መጠየቁ ከበደኝ፤ ጥሩ ሰው ነው፣ በረዶ ሲጥል መንገዴን የሚጠርግልኝ እሱ ነው። ግን ጠየቅኩት። ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝ። ያስመዘገበው በቆሎውንና አኩሪ አተሩን ብቻ ነው፤ የኔ ቦታ ባዶ ነው። እንዲያውም የዚያኔ ልነግርሽ ይገባ ነበር፣ አላሰብኩትም ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ።

23ኛ። ገንዘቡ ታክስ ያለበት መሆኑን የሚያስታውስ ነው። ከመንግሥት የተቀበላችሁትን ክፍያ የሚያሳይ 1099 ጂ የሚባል የታክስ ፎርም ይመጣል። ሳያሳውቅ ቀርቶ በኋላ ደብዳቤ የመጣበት ሰው እንደሚያውቅ ጽፏል። የወሰዳችሁ ካላችሁ የድሮውን ወረቀታችሁን እዩ።

24ኛ። እስካሁን የመጨረሻው ነው። 8ኛዋ እህት ተመልሳ መጣች። ስለ ኮምጣጣው ቃሏ ይቅርታ ጠይቃ፣ የእርሻ ቁጥር እንዴት እንደሚወጣ ጻፈችልኝ። ወደ ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ (እነዚህን ክፍያዎች ወደሚያስፈጽመው የግብርና ሚኒስቴሩ ቢሮ) ደውሎ ቀጠሮ መያዝ ነው። መታወቂያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የኪራይ ውሉ፣ መሬቱ የት እንደሆነ የሚያሳይ ነገር። 2 ኤከር ያንሳል የሚባል ነገር የለም፣ እሷ በግማሽ ኤከር አውጥታለች። የዚህ ቢሮ የካውንቲ ኮሚቴ በገበሬዎች ድምፅ እንደሚመረጥና ተመዝጋቢ ከሆንኩ እኔም መምረጥ እንደምችል ነገረችኝ። ይህን ጨርሶ አላውቅም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩ። ቀጠሮዬ የፊታችን ማክሰኞ በ4 ሰዓት ነው። የኪራይ ውላችን የቃል ስለነበር አከራዬ ነገ ማታ መጥቶ በወረቀት እንፈራረማለን። ወርዚንግተን አካባቢ ጓሮም ቢሆን እያረሳችሁ የምትሸጡ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። መኪናዬ ላይ ሦስት ቦታ አለ።